«የት ነው የተማርከው?» ቤልፋስት ውስጥ ካቶሊክና ፕሮቴስታንትን ዛሬም የሚለያቸው ምንድን ነው?

በሰሜን አየርላንድ ዋና ከተማ በቤልፋስት ሰው አዲስ ሰው ሲተዋወቅ «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ነውር ነው። ደግሞም አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ ስም ብቻውን ይናገራል። ሼመስ የተባለ ሰው ካቶሊክ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ቢሊ ከተባለ ደግሞ ፕሮቴስታንት። በስሙ ካልለየ «የት ነው የተማርከው?» ይመጣል። የትምህርት ቤቱ ስም በ«ቅዱስ» ወይም በ«ቅድስት» የሚጀምር ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ካቶሊክ ነው ማለት ነው። እሱም ካልሠራ የእንግሊዝኛዋ «ኤች» ፊደል አለች። ካቶሊክ ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ትንፋሽ ጨምሮ «ሄች» ይላታል። ፕሮቴስታንቱ «ኤች» ይላታል። አንድ ከተማ፣ አንድ ቋንቋ፣ አንዲት ፊደል፤ እሷም ለሁለት ተከፍላለች።

ይህን ልማድ ሳስብ ሁሌም የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ከጥያቄዎቹ መሀል ስለ እምነት የሚጠይቅ የለም። ስለ ቅዳሴ፣ ስለ ድንግል ማርያም፣ ስለ ሮማው ጳጳስ ሥልጣን ማንም አያነሳም። የሚጠየቀው ስም፣ ሰፈርና ትምህርት ቤት ነው። በእኔ እይታ የሰሜን አየርላንድ ችግር ቁልፉ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ጠቡ የሃይማኖት ስም ይዟል። የቆመው ግን ሰው በሚኖርበት ሰፈርና ልጁን በሚልክበት ትምህርት ቤት ላይ ነው። የ1998ቱ የሰላም ስምምነት ከ25 ዓመት በላይ ሆኖት ግንቡ ያልፈረሰውም ለዚህ ነው። (ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ግንብ ስል በምሳሌ አይደለም። ምዕራብ ቤልፋስት ውስጥ የካቶሊኮቹ ፎልስ ሮድና የፕሮቴስታንቶቹ ሻንኪል ሮድ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። መሀላቸው ላይ ግን ከቤት ጣሪያ በላይ የሚወጣ ግንብ ቆሟል። ከታች ኮንክሪት፣ ከዚያ በላይ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮው በላይ ደግሞ የሽቦ መረብ። ከግንቡ ሥር ያሉ አንዳንድ ቤቶች ጓሯቸውን በሽቦ ሸፍነውታል፤ ከወዲያ ማዶ የሚወረወር ድንጋይ እንዳይገባ። መንገድ በሚያልፍበት ቦታ በር አለ። አንዳንዱ በር ሲመሽ ይዘጋል፣ ሲነጋ ይከፈታል። ስሙ «የሰላም መስመር» ነው። በ1969 ሲጀመር የብሪታንያ ወታደሮች ሁለቱን ወገን ለመገላገል ለጊዜው ብለው የዘረጉት የሽቦ አጥር ነበር። ለጊዜው የተባለው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ። አንዳንዱማ ከስምምነቱ በኋላ የተጨመረ ወይም ከፍ የተደረገ ነው።

ሊቃውንቱ ተቀራርበዋል

በትምህርተ ሃይማኖት በኩል ያለውን ልዩነት ማቃለል አልፈልግም። ማርቲን ሉተር በ1517 ያነሳው ጥያቄ ከባድ ጥያቄ ነበር። ሰው በእግዚአብሔር ፊት የሚጸድቀው በምንድን ነው? ስለ እምነት የመጨረሻውን ቃል የሚናገረውስ ማነው? አውሮፓ በዚህ ሳቢያ ደም ተፋሳለች።

ሆኖም ጥቅምት 31 ቀን 1999 ጀርመን ውስጥ በአውግስቡርግ ከተማ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ስለ መጽደቅ የጋራ መግለጫ ፈረሙ። ሰው የሚጸድቀው በራሱ ሥራ ሳይሆን በጸጋ፣ በክርስቶስ በማመን መሆኑን አብረው መሰከሩ። ሜቶዲስቶች በ2006፣ የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት በ2017 ይህንኑ ተቀበሉ። በ2016 ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ስዊድን ሉንድ ድረስ ሄደው የተሐድሶውን 500ኛ ዓመት መታሰቢያ ከሉተራን መሪዎች ጋር በጸሎት ከፈቱ። ሁሉም ልዩነት ተፈታ ማለት አይደለም። ዛሬም በአንድ ማዕድ አብረው አይቆርቡም። ግን ሰው ከሰው የሚያጋድል ነገር በመሀላቸው የለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሲሆን የቤልፋስት በር ሲመሽ መዘጋቱን አላቆመም። ሊያቆምም አይችልም ነበር። በሩ የተሠራው በነዚህ ጥያቄዎች ምክንያት አልነበረማ።

መሬት፣ ቤትና ድምፅ

ነገሩ የጀመረው በመሬት ነው። ከ1609 ጀምሮ የእንግሊዝ ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ በአየርላንድ ሰሜን፣ በአልስተር፣ ከስኮትላንድና ከእንግሊዝ ፕሮቴስታንት ሰፋሪዎችን አመጣ። መሬቱ የተነጠቀው ከአየርላንዳውያን ካቶሊኮች ነበር። ስለዚህ ሃይማኖት ገና ከመነሻው የባለመሬትና የመሬት አልባ ምልክት ሆነ። በ1641 ካቶሊኮች ተነሱ፤ ብዙ ሰፋሪዎች ተገደሉ። ፖርታዳውን አጠገብ ከድልድይ ወደ ወንዝ ተገፍተው ሰምጠዋል። ከስምንት ዓመት በኋላ የእንግሊዙ ጦር መሪ ኦሊቨር ክሮምዌል መጥቶ ድሮሄዳ ላይ ፈጀ። ሁለቱም ወገን የየራሱን ሙታን ይቆጥራል። እዚህ ላይ ልብ ልንል የሚገባው፣ ፍርሃቱ የአንድ ወገን ብቻ አለመሆኑ ነው። ካቶሊኩ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ግፍ ያስታውሳል። ፕሮቴስታንቱ ደግሞ በከበባ ውስጥ ያለ አናሳ ነኝ የሚል ሥጋት ከአያቱ ወርሷል።

በ1690 ፕሮቴስታንቱ ንጉሥ የኦሬንጁ ዊልያም ካቶሊኩን ንጉሥ ጄምስ ዳግማዊን በቦይን ወንዝ ድል ነሳ። የኦሬንጅ ማኅበር የሚባለው የፕሮቴስታንቶች ማኅበር ይህን ድል በየዓመቱ ሐምሌ 12 በሰልፍና በከበሮ ያከብራል። በዋዜማው ሌሊት በየሰፈሩ ትልልቅ ደመራ ይነዳል፤ በአንዳንዱ ላይ የአየርላንድ ባንዲራ አብሮ ይቃጠላል። ለአንዱ በዓል ነው። ለሌላው ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምሮ «ተሸንፈሃል» እየተባለ የሚነገረው ነው። ከቦይን በኋላ የመጡት ሕጎች ካቶሊኮች መሬት እንዳይገዙ፣ ሥልጣን እንዳይዙ፣ በኋላም ድምፅ እንዳይሰጡ አገዱ። ፓርላማ ለመግባት የቻሉት በ1829 ነው።

አየርላንድ በ1921 ስትከፈል ስድስቱ የሰሜን አውራጃዎች ከብሪታንያ ጋር ቀሩ። ድንበሩ የተሰመረው ፕሮቴስታንቱ አብላጫ እንዲሆን ታስቦ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አድልዎ ረቂቅ ነገር አይደለም፤ በቁጥር ይታያል። የዴሪን ከተማ እንይ። (ስሟ እንኳ አያስማማም። ካቶሊኩ ዴሪ፣ ፕሮቴስታንቱ ለንደንዴሪ ይላታል።) በ1960ዎቹ ከነዋሪዋ አብላጫው ካቶሊክ ነበር። የምክር ቤቷ 20 ወንበር ግን 12ቱ የዩኒየኒስቶች (ከብሪታንያ ጋር እንቆይ የሚሉት፣ በአብዛኛው ፕሮቴስታንት)፣ 8ቱ የናሽናሊስቶች (ከአየርላንድ ጋር እንዋሃድ የሚሉት፣ በአብዛኛው ካቶሊክ) ነበር። ይህ የሆነው የምርጫ ክልሎቹ በብልሃት ስለተቆረጡ ነው። ካቶሊኮቹን በአንድ ክልል አጉረው፣ የቀሩትን ሁለቱን ለራሳቸው ያዙ። በዚያ ላይ በአካባቢ ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ቤት ያለው ወይም በስሙ የተከራየ ነበር። ስለዚህ ለካቶሊክ የቀበሌ ቤት መስጠት ማለት ድምፅ መስጠት ማለት ነው። ቤት የሚያድለው ምክር ቤት ይህን አሳምሮ ያውቃል።

በ1968 ካሌደን በምትባል ትንሽ መንደር የሆነው ይህን ሁሉ በአንድ ቤት ውስጥ ያሳያል። ልጆች ያሏቸው ካቶሊክ ቤተሰቦች ወረፋ እየጠበቁ ሳለ፣ አንድ የቀበሌ ቤት ላላገባች የ19 ዓመት ፕሮቴስታንት ወጣት ተሰጠ። የፓርላማ አባሉ ኦስቲን ካሪ ገብቶ ቤቱን ያዘ። ፖሊስ ጎትቶ አስወጣው። በዚያው ዓመት ጥቅምት 5 ዴሪ ውስጥ የተጠራውን የሰብዓዊ መብት ሰልፍ ፖሊስ በዱላ በተነው፤ ቴሌቪዥን ቀረጸው። ብዙ ሰው «ችግሩ» የሚባለውን የ30 ዓመት ደም መፋሰስ መነሻ ከዚያች ቀን ይቆጥራል።

ለእውነት ሲባል ከድንበሩ በስተደቡብ ያለውንም ማንሳት ያስፈልጋል። እዚያ ካቶሊኩ አብላጫ ነበር። በዋነኛነት የገፋው ደግሞ ጋብቻ ላይ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የተቀላቀለ ጋብቻ ሲፈጸም ልጆቹ ሁሉ ካቶሊክ ሆነው እንዲያድጉ ቃል ታስገባ ነበር። በ1957 በዌክስፎርድ አውራጃ፣ ፌዘርድ በምትባል የባሕር ዳር መንደር፣ ካቶሊክ ያገባች አንዲት ፕሮቴስታንት እናት ልጆቿን ካቶሊክ ትምህርት ቤት አልልክም ብላ ይዛቸው ሄደች። የመንደሩ ካቶሊኮች የፕሮቴስታንቶቹን ሱቅ አደሙበት። ወተት የሚሸጥ ገበሬ ደንበኛ አጣ። የፒያኖ መምህር ተማሪዎቿ ቀሩባት። እነዚህ ሰዎች በነገሩ ውስጥ እጃቸው የለበትም፤ ጥፋታቸው ሃይማኖታቸው ብቻ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴ ቫሌራ ራሱ ካቶሊክ ሆኖ፣ ፓርላማ ቆሞ አድማውን በግልጽ አወገዘ። የሰሜን ፕሮቴስታንት ግን ይህን ሲሰማ «አላልኳችሁም?» አለ። አንዱ ወገን የሚሠራው ግፍ ለሌላው ወገን ፍርሃት ማስረጃ ሆኖ የሚያገለግለው እንዲህ ነው።

አንድ ምሽት በኪንግስሚል

ከ1968 እስከ 1998 ከ3,500 በላይ ሰው አለቀ። በ1972 አንድ ዓመት ብቻ ዴሪ ላይ የብሪታንያ ወታደሮች ሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 13 ሰው በዕለቱ ገደሉ፤ ቤልፋስት ላይ ደግሞ ሰሜኑን ከብሪታንያ ለማላቀቅ የሚዋጋው የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር በአንድ ከሰዓት ከደርዘን በላይ ቦምብ አፈንድቶ 9 ሰው ገደለ። ሁሉንም መዘርዘር አይቻልም። አንዱን ግን ላንሳ።

ጥር 5 ቀን 1976 ምሽት ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች በሚኒባስ ወደ ቤታቸው እየተመለሱ ነበር። ኪንግስሚል አጠገብ የታጠቁ ሰዎች አስቆሟቸው። አስወርደው አሰለፏቸው። ከዚያ «ካቶሊኩ ማነው?» ብለው ጠየቁ። አንድ ብቻ ነበር። በዋዜማው ምሽት በዚያው አካባቢ ፕሮቴስታንት ታጣቂዎች ሁለት ካቶሊክ ቤተሰብ ቤት ገብተው ተኩሰዋል፤ ስድስት ሰው ለሞት ተዳርጓል። ስለዚህ ሠራተኞቹ እነዚህም ያንኑ ሊደግሙ የመጡ መሰሏቸው። ከካቶሊኩ ግራና ቀኝ የቆሙት ፕሮቴስታንት ባልደረቦቹ እንዳይወጣ ሊያስቀሩት ሞከሩ። ሊያድኑት ነው። እሱ ግን ወጣ። «ሩጥ» ተባለ። የመጡት ለእሱ አልነበረም። የቀሩት 11 ላይ ተኮሱባቸው፤ 10 ሞቱ። አንዱ 18 ጥይት ተመትቶ ተረፈ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የማልረሳው ያንን ሊያስቀሩት የሞከሩበትን ቅጽበት ነው። እነዚህ ሰዎች አብረው ይሠሩ ነበር። በአንድ መኪና ይሳፈሩ ነበር። ሞት ፊት ለፊታቸው ቆሞ «የእኔ ወገን፣ የእሱ ወገን» አላሉም። የሰሜን አየርላንድ ጥላቻ በደም የሚወረስ ነገር ቢሆን ኖሮ ያ እጅ አይዘረጋም ነበር።

የተቀየረውና ያልተቀየረው

የ1998ቱ የመልካም ዓርብ ስምምነት ግድያውን በእጅጉ አስቆመ። ይህን አሳንሶ ማየት ኃጢአት ነው። በሕዝበ ውሳኔ ከሰሜን አየርላንድ መራጮች 71 በመቶው ደገፉት። በአብዛኛው የፕሮቴስታንት የነበረው ፖሊስ በ2001 በአዲስ ተተካ። ለአሥር ዓመት ያህል ከተቀጣሪው ግማሹ ካቶሊክ እንዲሆን ተደረገ፤ የካቶሊክ ፖሊሶች ድርሻ ከ8 በመቶ ገደማ ወደ 30 በመቶ ገደማ ወጣ። ኢያን ፔይዝሊ የሚባለውን ፕሮቴስታንት ቄስ ያየ ሰው ደግሞ ለውጡ ይገባዋል። በ1988 በአውሮፓ ፓርላማ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ሲናገሩ ተነስቶ «የክርስቶስ ተቃዋሚ» እያለ የጮኸባቸው እሱ ነው። በ2007 ግን የቀድሞ የሪፐብሊካን ጦር አዛዥ ከነበረው ከማርቲን ማክጊነስ ጋር አንድ መንግሥት መሠረተ። ሁለቱ በየአደባባዩ አብረው ሲስቁ ይታዩ ነበር። በየካቲት 2024 ደግሞ ሺን ፌን ከተባለው ፓርቲ ሚሼል ኦኒል የመጀመሪያዋ ናሽናሊስት ቀዳማይ ሚኒስትር ሆናለች።

በቁጥርም ሚዛኑ ዞሯል። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊክ የሆኑ ወይም በካቶሊክነት ያደጉ 45.7 በመቶ፣ ፕሮቴስታንትና ሌሎች ክርስቲያኖች 43.5 በመቶ ሆኑ። ፕሮቴስታንቱ እንዲበዛ ተብሎ በተሰመረ ድንበር ውስጥ ካቶሊኩ ሲበልጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ለአንዱ ተስፋ፣ ለሌላው የዱሮው ሥጋት። በዚያ ላይ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ የዕቃ ቁጥጥሩ በሰሜን አየርላንድና በቀሪዋ ብሪታንያ መሀል ባለው ባሕር ላይ ተደረገ። ብዙ ዩኒየኒስቶች «ከብሪታንያ ቆርጠው ጣሉን» አሉ። በሚያዝያ 2021 የላናርክ ዌይ የግንብ በር ላይ ሁከት ተነሳ። አውቶቡስ ተጠልፎ ተቃጠለ፤ ከበሩ ግራና ቀኝ ወጣቶች ድንጋይና ቤንዚን ተወራወሩ። ብዙዎቹ ስምምነቱ ሲፈረም ገና ያልተወለዱ ልጆች ናቸው።

እነዚህ ልጆች ያላዩትን ጠላትነት ከየት አመጡት? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሰሜን አየርላንድ ተማሪዎች ካቶሊክና ፕሮቴስታንት ሆን ተብሎ አብረው በሚማሩበት «የተቀናጀ» ትምህርት ቤት ያለው ከ10 አንድ እንኳ አይሞላም። የቀረው አብዛኛው ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ከራሱ ወገን ልጆች ጋር ይማራል። አንዱ ራግቢና ክሪኬት፣ ሌላው የጌሊክ እግር ኳስና ኸርሊንግ ይጫወታል። ለረጅም ጊዜ መምህራኑም እንኳ የሚሠለጥኑት በተለያየ ኮሌጅ ነበር። የቀበሌ ቤቱም በአብዛኛው እንደዚያው የተለያየ ነው።

ይህ በራሱ የመጣ አይደለም። አገሪቱ ገና ስትመሠረት የትምህርት ሚኒስትሩ ሎርድ ለንደንዴሪ በ1923 ልጆች ሳይለዩ የሚማሩበትን ሕግ አወጣ። የካቶሊክ ጳጳሳት እምነታችንን ያጠፋብናል ብለው ትምህርት ቤታቸውን ለመንግሥት አንሰጥም አሉ። የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናትም መጽሐፍ ቅዱስ ከክፍል ወጣ ብለው ተቃወሙ። ሕጉ በ1925 እና በ1930 እየተሸረሸረ ቀረ። መቶ ዓመት አለፈው። የሁለቱም ወገን አባቶች በቅን ልብ እንዳደረጉት አምናለሁ። ልጅን በራስ እምነት ማሳደግ መብት ነው። የሚያሳዝነኝ፣ ያ ውሳኔ የሰውን ልጅ የሚያህል ነገር ሳይተዋወቅ እንዲያድግ ማድረጉ ነው።

ነገሩ ሥራ ድረስ ይከተላል። አድልዎን ለመከላከል በወጣው ጥሩ ሕግ መሠረት ከ10 በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ የሠራተኞቹን ወገን መመዝገብ አለበት። ቅጹ ስለ እምነትህ አይጠይቅም፤ ከየትኛው ማኅበረሰብ እንደሆንክ ነው። መልስ ካልሰጠህ ቀጣሪው በሌላ መረጃ ሊገምት ይችላል። ከመረጃዎቹ አንዱ የተማርክበት ትምህርት ቤት ነው። ሕጉም እንደ ሰፈሩ ሰው «የት ነው የተማርከው?» ይላል።

መንግሥት በ2013 ግንቦቹን በሙሉ እስከ 2023 አፈርሳለሁ ብሎ ነበር። ጥቂቱ ፈረሰ፣ አብዛኛው ቆሟል። ግንቡ ሥር የሚኖሩትን ሰዎች እኔ አልወቅስም። ሌሊት ድንጋይ መስኮቱን የሰበረበት ሰው ግንቡ ይፍረስ ቢሉት ቢፈራ እውነት አለው። ስለዚህ ከግንቡ መጀመር ከጣሪያው እንደመጀመር ነው። ወላጆች ይህን ቀድመው ያወቁት ይመስለኛል። በ1981 ጥቂት ወላጆች ማንንም ሳይጠብቁ በ28 ተማሪዎች ላጋን ኮሌጅን ከፈቱ። ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጠ። በርሃብ አድማ የሞቱ እስረኞች አስከሬን በሚወጣበት፣ ከተማው በሚነድበት ዓመት ነው። ዛሬ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች ከ70 አልፈዋል። በ2022 እነዚህን ትምህርት ቤቶች መንግሥት የመደገፍ ግዴታ እንዲኖርበት ሕግ ወጥቷል። ገንዘቡና ፈቃዱ ግን እየተንገታገተ ነው።

መስከረም 2001 ሰሜን ቤልፋስት ውስጥ አርዶይን ሰፈር፣ ሆሊ ክሮስ የሚባለው የካቶሊክ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከዕረፍት በኋላ ተከፈተ። ትምህርት ቤቱ ያለው በፕሮቴስታንቶች መንገድ ላይ ነው። ከ4 እስከ 11 ዓመት ያሉ ሕፃናት የወላጆቻቸውን እጅ ይዘው፣ በፖሊስና በወታደር ጋሻ መሀል ይሄዱ ነበር። ከግራና ከቀኝ ስድብ፣ ምራቅና ጠርሙስ ይወረወርባቸዋል። በሦስተኛው ቀን ቦምብ ፈነዳ። ተቃውሞው እስከ ኅዳር ድረስ ቆየ። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ዙሪያ ያሉ ሴቶች ናቸው። ልጅ የወለዱትም የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ቅጽ የሚሞሉበት ጊዜ ደርሷል።